ሦስት ፍሬ ለሱልጣን

ፀጉር ቆራጭ ነኝ። ይህን ቀድሜ የምናገረው ኋላ «ታዲያ አንተን ምን አግብቶህ አሳ አስታመምክ?» ብላችሁ እንዳታፋጥጡኝ ነው። እኔም ራሴን ስንቴ ጠይቄዋለሁ። ጎንደር ተወልጄ፣ በመተማ ወደ ሱዳን ተሻግሬ፣ ገዳሪፍ ሱግ በሚሉት ገበያ መሀል ሁለት ወንበርና አንድ ትልቅ መስታወት ያላት ጠባብ ቤት ይዤ የሰው ራስ ስከረክም ስምንት ዓመቴ ነው። እስከ ዘንድሮ ድረስ አሳ የማውቀው ተጠብሶ ነበር። የተጠበሰ አሳ ደግሞ ማንንም አስቸግሮ አያውቅም፤ አጥንቱን ካልዋጡት።

ጣጣውን ያመጡብኝ ኡስታዝ ኢድሪስ ናቸው። ኡስታዝ ካርቱም ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን ሒሳብ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ጦርነቱ ሲመጣ ቤታቸውን ዘግተው ወደ እኛ የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ሌላው ሰው ፍራሽ ተሸክሞ ነው ከአውቶቡስ የወረደው፤ ድስት ተሸክሞ የወረደም አለ። ኡስታዝ አፉ ሰፊ የሆነ ጠርሙስ እቅፍ አድርገው ወረዱ። ጠርሙሱ ውስጥ ጅራቱ ከሰውነቱ የሚበልጥ፣ አውራ ጣት የሚያህል ቀይ አሳ አለ። ቤታ የሚባል ዘር ነው አሉ። በየኬላው ወታደር እያስቆመ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ሲላቸው «ሱልጣን ነው» እያሉ ነው ያለፉት። ስሙን ያወጣችለት የልጅ ልጃቸው ሰልማ ናት። እሷ ከእናቷ ጋር ካይሮ ገብታለች፤ ስትሄድ «አያቴ፣ ሱልጣንን አደራ» ብላ አስታቅፋቸው ሄደች።

ኡስታዝ የሚኖሩት ከሱቄ ጀርባ ባለው ግቢ ነው፤ ጢማቸውን በየሳምንቱ የምከረክመው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ጠዋት ጠርሙሱን ይዘው መጡና መስታወቴ ፊት ካለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት። ፖርት ሱዳን ሄደው ፓስፖርታቸውን ሊያሳድሱ ነው፤ እሱ ከተሳካ ካይሮ ገብተው ልጃቸውንና ሰልማን ያያሉ። ሁለት ሳምንት ቢቆዩ ነው።

«ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ ምግቡ ይሄ ነው» አሉኝ፣ ትንሽ ቆርቆሮ እየሰጡኝ። ውስጡ ከሰሊጥ ብዙም የማይበልጥ ፍሬ ሞልቶበታል። «በቀን ሦስት ፍሬ። ሁለት አይደለም። አራትም አይደለም። ሦስት።» ሦስት ጣታቸውን አንስተው አሳዩኝ፤ ልክ ከኋላ ወንበር ለተቀመጠ ሰነፍ ተማሪ እንደሚያሳዩት።

«ኡስታዝ ደግሞ! ከራሴ በፊት እሱን ነው የማበላው» አልኳቸው።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው፤ ቃሌን ጠበቅሁ።

የመጀመሪያው ቀን ሱልጣን ዞር ሲል መስታወቱ ውስጥ ሌላ ቀይ አሳ አየ። ራሱ መሆኑን ማን ይንገረው? ጉንጩን ነፍቶ፣ ክንፉን ዘርግቶ፣ ጅራቱን እንደ ጥለት አንቦርቅቆ ተነሣበት። ያኛውም ተነሣበት። ከዚያ ወዲያ ሱቄን ከከፈትኩ ጀምሮ እስክዘጋ ጠብ ነው። ደንበኛው ሁሉ ፀጉሩን ረስቶ ጠብ ሲያይ ይውላል። «የመስታወቱ ይበልጣል» የሚልም አልጠፋ። ቆርጬ ጨርሼ «ተነሥ» ብለው የማይነሣ ሰው በዛ።

ታዲያ ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው የገቡት። እስላሙ እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ ውኃ አይቀምስም፤ እኛ ክርስቲያኖቹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፋችን ታስሮ ይውላል። ሽምብራ ፈጭቶ የሚጠብሰው ጣሚያ ቤት ዝግ ነው፤ የፉሉ ድስት ክድን ነው። በዚያ ሁሉ ሱግ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ በይፋ የሚበላ ቢኖር ሱልጣን ብቻ ነበር። የራበው ሰው ሌላው ሲበላ ሲያይ ይናደዳል የሚል ካለ ገዳሪፍን አያውቃትም። «እኔ ባልበላ እሱ ይብላልኝ» እያለ የገባው ሁሉ ከቆርቆሮው ቆንጠር ማድረግ ጀመረ። ሰሊጥ አራግፎ የመጣው ከኪሱ ስፌት ሰሊጥ ፈልቅቆ ጣል ያደርግለታል። የዶካ መንገድ የጭነት መኪና ሾፌሩ ኡመር፣ ወላጆቹ የእኛ አገር ሰዎች ሆነው እሱ ሱዳን ያደገው፣ በገባ ቁጥር «ወላሂ ያ አኺ፣ ይሄ ሰመክ ጅዓን ነው! አሳው ርቦታል እኮ!» እያለ የዳቦ ፍርፋሪ ይበትንለታል።

እኔስ? እኔማ ዋናው ነኝ። እውነቱን ልናገር፣ ያ ሦስት ፍሬ የሚሉት ነገር ንፍገት መስሎኝ ነበር። ሦስት ፍሬ ምግብ ነው? ኡስታዝን ባከብራቸውም ሒሳብ አስተማሪ ናቸው፣ ቁጥር ይወዳሉ ብዬ አለፍኩት። የሰው አደራ ቤቴ መጥቶ፣ ሦስት ፍሬ በልቶ፣ ከስቶ ቢመለስ ምን እባላለሁ? እናቴ ብትሰማስ? ስለዚህ ጠዋት ሦስቱን እሰጠዋለሁ፣ ከዚያ «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» ብዬ አንድ እጨምራለሁ፣ ከዚያ ያቺኛዋ ብቻዋን እንዳትቀር ሌላ እጨምራለሁ። የእኛ አገር እንግዳ ቢያንስ ይግደረደራል፤ «በቃኝ፣ በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል። ሱልጣን ጨዋነት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ጣት ባየ ቁጥር አፉን ከፍቶ ወደ ላይ ነው።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት ሱቁን ስከፍት ሱልጣን በጎኑ ተኝቶ ላይ ተንሳፍፏል። ሆዱ ባቄላ የዋጠ ይመስላል። አንድ ዓይኑ ወደ ጣሪያው ያያል። ጠርሙሱን ቆረቆርኩት፣ ዝም። ጣቴን አሳየሁት፣ ዝም። ያ እንደ እሳት የሚነድ ጅራት እርጥብ ጨርቅ ሆኖ ተንጠልጥሏል፤ መስታወቱን ዞሮም አላየው። ጉንጩ ግን በየተወሰነ ጊዜው ቀስ ብሎ ይከፈታል። አልሞተም። ኡስታዝ ያንን ሁሉ ኬላ አቅፈውት ያለፉትን፣ ጥይት ያልገደለውን፣ እኔ በዳቦ ልገድለው ነው።

የሱልጣን መታመም ሱጉን ሁሉ ለማዳረስ አንድ ፀጉር የመቁረጥ ያህል እንኳ አልፈጀበትም። ሰው ሊጠይቅ መጣ። መቼም የታመመ የሚጠይቅ ሰው ባዶ እጁን አይመጣም። «እግዜር ይማርህ» ይልና ቁራሽ ዳቦ ያወጣል። «አላህ የሽፊህ» ይልና ሰሊጥ ያወጣል። ሁለት የጎንደር ልጆች በሽተኛው ራስጌ ቆመው፣ አሳ በሁዳዴ ይበላል አይበላም ብለው ጠብ እስኪደርሱ ተከራከሩ። እኔ እንኳ ለሱልጣን አፈርኩለት።

ሮጥኩ። ወዴት ብትሉኝ፣ ከከብት ተራው አጠገብ ወዳለው የእንስሳት መድኃኒት ቤት። ሐኪሙ ግዙፍ ሰው ነው፤ ሥራው ግመልና ላም ነው።

«ሆዱ ተነፍቷል፣ በጎኑ ተኝቷል፣ አልበላም ብሏል» አልኩት ቁና ቁና እየተነፈስኩ።

«ስንት ኪሎ ይሆናል?»

«ኪሎ... ኪሎስ አይሞላም፣ ዶክተር።»

«ጫጩት ነው?»

«አሳ ነው።»

ሐኪሙ ትንሽ አየኝና ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ እስኪያስለው ሳቀ። ግመል ያመጣ አንድ ሽማግሌም አብሮት ሳቀ፤ ግመሉም የሳቀ መሰለኝ። ሲበቃው ግን ዓይኑን ጠርጎ ስልኩን አወጣና ፈለገ፣ አነበበ፣ ኮስተር አለ። «ሆዱ የተነፋ እንስሳ ትልቅም ሆነ ትንሽ ያው ነው። መኖውን አቁም። ሦስት ቀን ምንም፣ ምንም አይቅመስ። ውኃውን በየቀኑ ቀንስና ባደረ ንጹሕ ውኃ ተካው። ሙቀት ይወዳል፤ እሱን እንኳ ገዳሪፍ ትችልልሃለች። መስታወቱን ሸፍን፣ ጠቡ አድክሞታል። በአራተኛው ቀን የተቀቀለ አተር፣ ልጣጩን ልጠህ፣ የክብሪት ራስ የምታክል ቁራጭ ብቻ ስጠው።»

ሦስት ቀን ምንም! በእኛ አገር ለዚህ ስም አለው፤ አክፍሎት ይባላል፤ ጠንካራው ምእመን በስቅለት ሰሞን እህል ውኃ ሳይል የሚውል የሚያድርበት ነው። እኔ አንድም ዓመት ችዬው አላውቅም። ይኸው አሁን አሳ ላስከፍል ነው።

መስታወቱን በፎጣ ሸፈንኩት። በአማርኛ፣ በትግርኛና በዓረብኛ «በሽተኛው ጾም ላይ ነው፣ እባካችሁ አታብሉት» ብዬ ጽፌ ጠርሙሱ ላይ ለጠፍኩ። ባልለጥፍ ይሻል ነበር፤ ያነበበው ሁሉ አዘነለት። እኔ ሰው እየላጨሁ አንገቴ እንደ ራዳር ይዞራል። ሰዉ ደግሞ ፀጉሩን የማያይበት ፀጉር ቤት ተቀምጦ፣ ፎጣ ላይ አፍጥጦ፣ በእምነት ብቻ ይላጫል።

ኡመርን ስቆርጥ ነው ጉዱ የፈላው። ከኋላዬ ኮሽ የሚል ነገር ሰማሁና ዘወር ስል ማሽኑ ከማጅራቱ ተነሥቶ እስከ አናቱ ቀጥ ብሎ ወጣ። ኡመር እጁን ሰደደና ዳበሰው። «ያ አኺ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የዶካ መንገድ ነው» አልኩት። ምን ልበለው? ከዚያ ሙሉ ራሱን ላጨሁት፤ እስካሁንም ኮፍያ አድርጎ ነው የሚነዳው።

ኮሽ ያሉት አደይ ለተብርሃን ነበሩ። አደይ ከሱቄ ደጃፍ ለውዝ የሚሸጡ የትግራይ እናት ናቸው፤ ቱነይድባ የስደተኞች መጠለያ ብዙ ጊዜ ኖረው፣ ኋላ ዘመድ ተጠግተው ገዳሪፍ የገቡ። እጃቸው ጠርሙሱ አፍ ላይ ነው፤ ጣታቸው መሀል የተሰባበረች ለውዝ አለች።

«አደይ! እርስዎም?» አልኩ በቁጣ።

«ምን ላድርግ ወደይ፣ ልጄ፣ አፉን እየከፈተ ያየኛል።»

«እየተነፈሰ ነው እኮ! ምግብ ነው የገደለው፣ ሐኪም ከልክሏል!»

አደይ እጃቸውን አልመለሱም። «መጠለያ እያለን ራሽኑ የዘገየ ጊዜ፣ የልጄ ልጆች እንዲህ አፋቸውን ከፍተው ሲያዩኝ የምሰጣቸው አጥቼ ፊቴን አዙሬያለሁ። ያኔ ስለሌለኝ ነው። አሁን እጄ ላይ እያለኝ ፊትሽን አዙሪ ትለኛለህ?»

ቁጣዬ የት እንደገባ እንጃ። ማሽኑን አጠፋሁትና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «አደይ» አልኩ፣ «ይሄኛው ቢበላ ይሞታል። ቢርበው ነው የሚድነው።»

«እንዲህ ያለ በሽታ አለ?»

«አለ። እኔም ገና ዛሬ ነው የሰማሁት።»

ጠርሙሱን ብዙ አዩት። ለውዟን ወደ አፋቸው ሊሰዱ ብለው ጾም መሆናቸው ትዝ አላቸውና ኪሳቸው ከተቷት። «እንግዲያው አንተ ሰው ላጭ፤ እኔ እጠብቀዋለሁ። ራብ የት ድረስ እንደሚወስድ አውቃለሁ። ሦስት ቀን አይገድልም።» አሉና በርጩማቸውን ከደጅ አስገብተው ከሱልጣን ጎን ተተከሉ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንኳን ዳቦ ዝንብም አልቀረበው። ኡመር ሊጠይቅ ገብቶ እጁን ኪሱ ሲከት አደይ በጃንጥላ ክንዱን አሉት። ቁልፉን ሊያወጣ ነበር ምስኪን።

የጾሙ ሁለተኛ ቀን ዓርብ ዋለ። ዓርብ ሰልማ ከካይሮ በቪዲዮ ደውላ ሱልጣንን የምታይበት ቀን ነው። ስልኬ ጮኸ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ስልኩን በአንድ እጄ ያዝኩ፣ በሌላው የማበጠሪያዬን እጀታ ጠርሙሱ ውስጥ ከትቼ ውኃውን አማሰልኩት፤ ሱልጣን ከነጎኑ መዞር ጀመረ።

«እየዋኘ ነው፣ አየሽ?» አልኩ በዓረብኛ።

ሰልማ ሰባት ዓመቷ ነው፤ አጠያየቋ ግን የዳኛ ነው። «ለምን በጎኑ ይዋኛል?»

«እ... ጾም ላይ ነው፣ ደክሞት ነው።»

«የማንን ጾም ነው የሚጾመው? የእኛን ነው የእናንተን?»

«ሁለቱንም» አልኩ። ምናለ አሁን መሬት ብትውጠኝ!

«ማበጠሪያውን አውጣው» አለችኝ። አወጣሁት። ሱልጣን ቆመ። «ይሞታል?»

መዋሸት አቃተኝ። «አሞታል ሰልማ። አያትሽ ሦስት ፍሬ ብለውኝ አብዝቼ አበላሁት። ጥፋቱ የኔ ነው። እያስታመምኩት ነው።»

«አያቴ እንዳይሰማ» አለች ድምፅዋን ቀንሳ። «ከካርቱሙ ቤታችን የቀረው እሱ ብቻ ነው። አያቴ ሲከፋው እሱን ነው የሚያወራው።» ከዚያ ወደ ካሜራው ተጠግታ «አንተ ግን ፀጉር ቆራጭ አይደለህ እንዴ?» አለችኝና ዘጋችው።

ያን ቀን ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ምግብ ቀርቦልኝ አልበላህ አለኝ። በጾም ላይ ጾም ጨመርኩ። አንድ ፀጉር ቆራጭ ለአንዲት አውራ ጣት ለምታህል ነገር እንዲህ መሆኑ ያሳፍራል፤ ግን ሆንኩ። «ተነሥልኝ፣ በሞቴ» አልኩት፤ በሞቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለደህና ነገር ዋለች።

በአራተኛው ቀን ጠዋት አደይ ድስት ተሸክመው መጡ። የክብሪት ራስ ለምታህል ቅንጣት አንድ ድስት አተር ቀቅለዋል። «እንግዳ ቢመጣስ?» አሉኝ። ከድስቱ አንዷን አወጡ፣ ላጧት፣ በጥፍራቸው ቆርሰው ጠርሙሱ ውስጥ ጣል አደረጓት። ሱልጣን በጎኑ እንዳለ አያት። አንዴ ቀመሳት፣ ተፋት። ደግሞ ዞረ፣ ዋጣት።

ዘጠኝ ሰዓት ግድም ላይ የሆነውን በጨዋ ቋንቋ ልንገራችሁ፤ የታሰረው ተፈታ። አደይ እልል አሉ። ለእንዲህ ያለ ነገር እልልታ የተሰማበት ሱግ በዓለም ላይ ከእኛው ሌላ ያለ አይመስለኝም። የጎረቤት ነጋዴዎች ሠርግ መስሏቸው ወጡ፤ የተቀቀለው አተር ለጾመኛው ሁሉ ተዳረሰ። በማግስቱ ሱልጣን ቀጥ ብሎ ዋኘ። ፎጣውን ከመስታወቱ ላይ ገፈፍኩት። አየ። ቆም አለ። ከዚያ ጉንጩን ነፋ፣ ጅራቱን ዘረጋና በዚያ በድሮ ጠላቱ ላይ ተነሣበት። ዕንባዬ መጣ፤ ለደንበኛው ፀጉር ዓይኔ ገባ አልኩት።

ኡስታዝ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መጡ። መንገዱና ጾሙ ተባብረው አክስተዋቸዋል፤ ጀላቢያቸው ሰፍቷቸዋል። እኔን ሰላም ከማለታቸው በፊት ጠርሙሱ ላይ ጎንበስ አሉ። ሱልጣን ክንፉን ዘረጋላቸው። ሳቁ፤ እንዲያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም።

ዝም ብዬ ባልፈውስ? አልቻልኩም። ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ ዳቦውን፣ ሰሊጡን፣ ማበጠሪያውን ሳይቀር። ኡስታዝ ቆርቆሮውን አንስተው ጆሮአቸው ላይ ነቀነቁት። ምንም አይሰማም። ለዓመት የሚበቃ ምግብ ነበር። ቆርቆሮውን አስቀመጡና የመላጫዬን ብሩሽ አነሡ፣ አረፋ ነከሩና መስታወቴ ላይ ትልቅ ሦስት ቁጥር ጻፉ።

«ፓስፖርቴ ወጥቷል» አሉ። «ከዒድ በኋላ ካይሮ እገባለሁ። ለሱልጣን ግን ፓስፖርት የሚሰጥ የለም። አንተ ጋ ይቀራል።»

«ኡስታዝ፣ ልገድለው ነበር እኮ!»

«ለዚህ ነው ላንተ የምሰጠው። ሌላ ሰው ጋ ብተወው ገና ሊማርበት ነው» አሉ። ይህን ሲሉ ግን እኔን አላዩኝም፤ እጃቸው ጠርሙሱ ላይ ነበር።

አዛን አለ። የሱጉ ሰው ምንጣፉን እመንገዱ ላይ አነጣጥፎ ፉሉን፣ ጣሚያውን፣ ተምሩን ደርድሯል። አላፊ አግዳሚው በግድ እየተጎተተ ይቀመጣል። ኡስታዝንም ጎትተን መሀል አስቀመጥናቸው። ሦስት ተምር ወሰዱ፣ ውኃ ጠጡ፣ እጃቸውን ጠራረጉ። «አልሐምዱሊላህ። በቃኝ።»

«እንዴት በቃኝ?» አለ ኡመር ከኮፍያው ሥር። ዳቦ በፉል ነክሮ አቀረበላቸው። እኔም ጉርሻ ጠቅለል አድርጌ ይዤ ቆሜያለሁ። አደይ ከበርጩማቸው ሆነው «አጉርሷቸው! አጥንታቸው ወጥቷል!» ይላሉ።

ኡስታዝ በተከፈተው በር ወደ መስታወቱ ጠቆሙ። ሦስት ጣታቸውን አነሡ። «ሦስት!»

«እሱ ለአሳ ነው» አሉ አደይ።

ኡስታዝ አደይን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ እንደ ሱልጣን አፋቸውን ከፈቱ። ስንት ጊዜ እንዳጎረስናቸው አልቆጠርንም፤ ከመካከላችን መቁጠር የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ፣ እሳቸውም አፋቸው ሞልቶ ነበር።